የሆርሞን ተቀባይ አንቲቦዲዎች ለወንዴ እንስሳት መራቢያ አካላት፦ ዋጋውን የሚያወጣው የትኛው ነው?

ለሚቸኩል አንባቢ ፍርዱ ይቅደም። በአይጥና በአይጠ መጎጥ ቆለጥ፣ ኤፒዲዲሚስ (ስፐርም የሚበስልበት ጠምዛዛ ቱቦ) እና ፕሮስቴት ላይ የአንድሮጅን ተቀባይን (የወንዴ ሆርሞን የሚጣበቅበትን ፕሮቲን) ለማየት ፒጂ-21 የተባለውን የጥንቸል ፖሊክሎናል (የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ይግዙ። ለኢስትሮጅን ተቀባይ አልፋ በአይጠ መጎጥ ላይ 6ኤፍ11 የተባለው ይበቃል፤ በአይጥ ላይ ግን ከጥንቸል የተሠራ ይፈልጉ። ለኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታ ፒፒዜድ0506 ከሚባለው ክሎን (አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ከሚያመርት የሕዋስ ዘር) ሌላ የሚቀርብልዎትን ሁሉ፣ ሻጩ ጠንካራ ማስረጃ ካላሳየ በቀር፣ አይንኩት።

አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ ይዞ በቀለም እንዲታይ የሚያደርገው ዕቃ፣ የሚሸጠው በፎቶ ነው። በመረጃ ወረቀቱ ላይ ኒውክሊየሶች ቡናማ ሆነው ደምቀዋል፤ በዌስተርን ብሎቱ (ፕሮቲኖች በመጠናቸው ተለይተው በሚታዩበት ፍተሻ) ላይ አንዲት ንጹሕ መስመር ብቻዋን ትታያለች። ፎቶው ግን ብዙውን ጊዜ የተነሣው ከኤልኤንካፕ ወይም ከኤምሲኤፍ-7 ሕዋሳት ነው፤ የመጀመሪያው የሰው ፕሮስቴት ካንሰር፣ ሁለተኛው የሰው ጡት ካንሰር ሕዋስ ነው። ሁለቱም ተቀባዩን አትረፍርፈው ስለሚያመርቱ በእነሱ ላይ መናኛ አንቲቦዲም ያምራል። ቆለጥ እንዲህ አይራራም። ጥንቸል ሳትከተብም አክሮሶምን (የስፐርምን ራስ ቆብ) የሚይዝ አንቲቦዲ በደሟ ሊኖር ስለሚችል፣ የክብ ስፐርማቲዶች (ገና ስፐርም ለመሆን በመለወጥ ላይ ያሉ የዘር ሕዋሳት) አክሮሶም ቡናማ ሆኖ ተመልካችን ያሞኛል። ቴስቶስተሮን የሚያመርቱት የላይዲግ ሕዋሳትና አጠገባቸው ያሉት ማክሮፋጆች ሊፖፈስሲን የተባለ ቀለም ስለሚያጠራቅሙ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥር ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ያበራሉ። በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ባዮቲን ደግሞ በአቪዲንና ባዮቲን የሚሠራውን ማሳያ ያደናግራል።

ደግነቱ፣ የወንዴ መራቢያ አካል ሐሰትን የሚያጋልጥ መመርመሪያ በራሱ ውስጥ ይዟል። ይህ ግምገማም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፦ አንቲቦዲውን የምንለካው ስንት ሕዋስ እንዳቀለመ በማየት አይደለም፤ መቅለም የሌለባቸውን ሕዋሳት ባዶ ትቷቸው እንደሆነ በማየት ነው።

የአንድሮጅን ተቀባይን እንውሰድ። በጎልማሳ አይጠ መጎጥ ቆለጥ ውስጥ ተቀባዩ የዘር ሕዋሳትን በሚንከባከቡት የሰርቶሊ ሕዋሳት፣ ቱቦውን ከውጭ በሚከቡት ማዮይድ ሕዋሳት፣ በላይዲግ ሕዋሳትና በደም ሥር ጡንቻዎች ኒውክሊየስ ውስጥ አለ። የዘር ሕዋሳቱ ራሳቸው ባዶ ናቸው፤ ቴስቶስተሮን የስፐርም ምርትን የሚያዘው በሰርቶሊ በኩል እንጂ በቀጥታ አይደለም። ሌላም ረቂቅ ምልክት አለ። በአይጠ መጎጥ የስፐርም አመራረት ዑደት 14 ደረጃዎች አሉት፣ በአይጥ 12። በአይጠ መጎጥ የሰርቶሊ ኒውክሊየስ ቀለም እስከ ደረጃ 7 ድረስ ጎልቶ ይቆይና በደረጃ 8 በድንገት ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ስላይድ ላይ ሁሉም ቱቦዎች እኩል ቡናማ ከሆኑ አንቲቦዲው ከመጠን በላይ ወፍሯል፣ አለዚያም የያዘው ሌላ ነገር ነው። የዘር ሕዋሳቱ ከቀለሙ ደግሞ ብልቃጡን ለመመለስ ደብዳቤ መጻፍ ይጀምሩ።

ለኢስትሮጅን ተቀባይ አልፋ መመርመሪያው ሌላ ቦታ ነው፤ ከቆለጥ ወጥተው ወደ ኤፒዲዲሚስ ራስ የሚገቡት ቀጫጭን መውጫ ቱቦዎች። እነዚህ ቱቦዎች ከቆለጥ የሚፈሰውን ፈሳሽ 90 በመቶ ያህሉን መልሰው ይመጥጣሉ፤ ይህንንም የሚቆጣጠረው አልፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ይፋ በሆነው ሥራ ተቀባዩ የጠፋባቸው አይጦች ፈሳሹን መምጠጥ አቅቷቸው፣ ስፐርማቸው ቀጥኖ፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆለጣቸውን ሲያሳብጥና ኋላም ሲያመነምን ታይቷል። እናም የአልፋ አንቲቦዲ የመውጫ ቱቦዎቹን ኒውክሊየስ አድምቆ ካላሳየ ሌላ ምንም ቢያሳይ ዋጋ የለውም። ችግሩ፣ ቱቦዎቹ በስብ ተሸፍነው ስለሚሄዱ ኤፒዲዲሚሱን ላጽዳ የሚል ሰው ከስቡ ጋር አብሮ ይጥላቸዋል። ስቡን አይንኩት፤ ቆለጡን፣ ስቡንና የኤፒዲዲሚሱን ራስ ሳይለያዩ ማቆያ ፈሳሽ (ሕብረ ሕዋሱ እንዳይበላሽ የሚያደርግ) ውስጥ ይክተቱ፣ ከሆዳዊው ፕሮስቴት (በሆድ በኩል ካለው የፕሮስቴት ክፍል) ቁራጭ ጋር በአንድ የፓራፊን ብሎክ ይቅበሯቸው። በአንድ ስላይድ ላይ ሦስቱም ተቀባዮች የሚፈተኑበት ሜዳ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ወደ ምርቶቹ እንለፍ።

ፒጂ-21 ከ1991 ጀምሮ በአይጠ መጎጥ ፕሮስቴት ጥናት የሚታወቅ ነው። የተሠራው የተቀባዩን መነሻ 21 አሚኖ አሲዶች ጥንቸል ላይ በመክተብ ነው። ይህ ክፍል በሰው፣ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ላይ ተመሳሳይ በመሆኑ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲሻገር አይደናቀፍም፤ ሆርሞኑ ከሚጣበቅበት ኪስ ርቆ ስለሚገኝም ተቀባዩ ቴስቶስተሮን ቢይዝ፣ አንድሮጅንን የሚያግደውን ፍሉታማይድ ቢይዝ ወይም ባዶ ቢሆን አንቲቦዲው ቦታውን አያጣም። ሆርሞን አዋኪ ኬሚካሎችን ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚይዘው ቦታ በሊጋንዱ (በተቀባዩ ላይ በሚጣበቀው ነገር) የሚሸፈንበት አንቲቦዲ ቢገዛ የኬሚካሉን መጣበቅ የተቀባይ መቀነስ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዌስተርን ብሎት ዋናው መስመር 110 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ደቃቅ መስመሮች ከመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናሙናው ነው፤ የፕሮቲን መቁረጫ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ድብልቅ ሳይጨመር የተፈጨ ፕሮስቴት ተቀባዩን ይቆራርጠዋል፣ መነሻውን የያዘውን ቁራጭ ደግሞ ፒጂ-21 አንድ በአንድ ያሳያል። ድክመቱ ፖሊክሎናል መሆኑ ነው፤ አንዱ የምርት ዙር ከሌላው ይለያያል። ውጤቱ 4.5 ከ5።

6ኤፍ11 አይጥ ላይ የተሠራ ሞኖክሎናል (ከአንድ ክሎን የወጣ) ነው፤ ዒላማው የሰው አልፋ ነው። በአይጠ መጎጥ መውጫ ቱቦዎች ላይ፣ በሙቀት አንቲጅኑ (አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ) ከተገለጠለት፣ ንጹሕ የኒውክሊየስ ቀለም ይሰጣል። በአይጥ ሕብረ ሕዋስ ላይ ግን ታሪኩ ይለወጣል፦ ሁለተኛው አንቲቦዲ (ዋናውን ይዞ ቀለሙን የሚያመጣው) የአይጥን ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ማንኛውንም የአይጥ አንቲቦዲ፣ ስለሚፈልግ በደም ሥሮችና በቱቦዎች መካከል ያለውን የእንስሳውን የራሱን ኢሚዩኖግሎቡሊን ሁሉ ያቀልማል። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ ማገጃ ዕቃዎች ነገሩን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም፤ በተለይ በላይዲግ ሕዋሳት ዙሪያ። ለአይጠ መጎጥ 4፣ ለአይጥ 2።

ቤታ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ይህ ተቀባይ ከአይጠ መጎጥ ፕሮስቴት ተለይቶ የታወቀው በ1996 ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው በአንቲቦዲ ተጥለቀለቀ፤ ቤታ በሰርቶሊ፣ በላይዲግ፣ በሁሉም የዘር ሕዋሳት፣ በፕሮስቴት፣ በአጠቃላይ በታየበት ሁሉ አለ ተባለ። በ2017 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን 13 የቤታ አንቲቦዲዎችን በዌስተርን ብሎት፣ የያዙትን ፕሮቲን ለይቶ አውጥቶ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ማንነቱን በማረጋገጥና በሕብረ ሕዋስ ማቅለም ፈተናቸው። በሁሉም ያለፈው አንድ ብቻ ነበር፤ ፒፒዜድ0506። በዚሁ አንቲቦዲ ሲታይ ቤታ በሰው ቆለጥና እንቁላል ማምረቻ ውስጥ ተገኘ፤ ብዙ ሲጻፍበት በኖረው ጡት ውስጥ ግን አልተገኘም። በ2019 ደግሞ ይኸው ክሎን የአይጠ መጎጥንና የአይጥን ቤታም እንደሚለይ ታየ። ይህ ማለት ከዚያ በፊት በሌሎች አንቲቦዲዎች የወጡ የቤታ ምስሎች ሁሉ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን በእነሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «ኬሚካሉ ቤታን በቆለጥ ውስጥ ጨመረ» የሚል መደምደሚያ እንደገና መፈተን አለበት።

ፒፒዜድ0506ን የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይወቅ። ከአይጥ የመጣ አይጂጂ2ቢ (አንድ የአንቲቦዲ ክፍል) ስለሆነ በአይጥ ቁራጭ ላይ 6ኤፍ11ን ያጋጠመው ችግር እሱንም ያገኘዋል፤ አይጂጂ2ቢን ብቻ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ቢጠቀሙ በከፊል ይቀልላል። የተሠራው ከሰው ቤታ ከ2ኛው እስከ 88ኛው አሚኖ አሲድ ባለው መነሻ ክፍል ላይ በመሆኑ በጭራቸው (በፕሮቲኑ መጨረሻ ክፍል) የሚለያዩትን የቤታ ዓይነቶች አይለያቸውም፤ ሁሉንም ባንድነት ያሳያል። ሦስተኛ፣ ቀለሙ ፈዛዛ ነው። የለመዱትን ጥቁር ቡናማ ሳያዩ ሲቀሩ አይደንግጡ፣ መጠኑንም አያባብሱ፤ እውነተኛ ቤታ ብዙ አይደለም። 4 እንሰጠዋለን፤ ለሌሎቹ ነጥብ መስጠት አያስፈልግም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ «አንቲቦዲው በፔፕታይድ ሲታገድ ቀለሙ ጠፋ» ብለው ያቀርባሉ። ይህ ማስረጃ የሚመስለውን ያህል አይደለም። የሚያሳየው አንቲቦዲው የተከተበበትን ፔፕታይድ እንደሚይዝ ብቻ ነው፤ በስላይዱ ላይ የያዘው ሌላ ፕሮቲን ቢሆንም ፔፕታይዱ ሲጨመር ቀለሙ ይጠፋል። ጂኑ የጠፋበት እንስሳ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። በ1993 የተሠራው የመጀመሪያው አልፋ የለሽ አይጥ ከጂኑ የተወሰነውን ዘልሎ አጭር ፕሮቲን ያመርት ነበር፤ የጭራ አንቲቦዲ በዚያ እንስሳ ላይ ደካማ ቀለም ቢያሳይ አንቲቦዲው ዋሸ ማለት አይቻልም። ሻጩ «በጂን አልባ አይጥ ተፈትኗል» ሲል በየትኛው ዝርያ፣ የትኛው የጂን ክፍል ተቆርጦ ብለው ይጠይቁ።

አሠራሩ ላይ ከሁሉ በላይ ዕቃን የሚያበላሸው ማቆያ ፈሳሹ ነው። ተራ ፎርማሊን ብቻውን የቆለጥን ቱቦዎች ያጨማድዳል፤ መሐሉ ሳይደርሰውም ይቀራል፣ ሽፋኑ ወፍራም ነውና። ቡዋን የተባለው ማቆያ ፈሳሽ ለቅርጽ ጥሩ ነው፤ ግን ከ24 ሰዓት በላይ አያቆዩት፣ ከዚያም ቢጫው እስኪለቅ በ70 በመቶ አልኮል ደጋግመው ያጥቡ። በቡዋን ውስጥ ያለው ፒክሪክ አሲድ ከደረቀ ይፈነዳልና የጠርሙሱ አፍ ላይ ደርቆ የቆየ ቅርፊት ካዩ በእጅ አይክፈቱት። የተሻሻለው የዴቪድሰን ፈሳሽ ለ24 ሰዓት፣ ቀጥሎ ፎርማሊን፣ ለደረጃ ምደባ እጅግ ይመቻል። ከዚሁ ናሙና አርኤንኤም እንፈልጋለን የሚል ካለ ቡዋንን ይተው፤ አርኤንኤውን ያፈራርሰዋል።

ከዚያ 5 ማይክሮሜትር ቁራጭ፤ ፓራፊኑን ማስለቀቅ፤ 10 ሚሊሞላር ሲትሬት፣ ፒኤች 6.0፣ በ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ፤ እዚያው ውስጥ ሌላ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። ሲትሬቱ አልሠራ ካለ ትሪስ ከኢዲቲኤ ጋር፣ ፒኤች 9.0 ይሞክሩ። ፈሳሹ መንተክተክ የለበትም፤ በቡዋን የቆየ ቆለጥ ከስላይዱ የሚላቀቀው እዚህ ላይ ነው። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ፣ ከሁለተኛው አንቲቦዲ እንስሳ የተገኘ ሴረም 5 እስከ 10 በመቶ ለግማሽ ሰዓት፣ ዋናው አንቲቦዲ በ4 ዲግሪ ለአንድ ሌሊት። መጠኑን ከመረጃ ወረቀቱ አይቅዱ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብሎክ ላይ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 2 እና 4 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ይፈትኑና፣ ለአንድሮጅን ተቀባይ ከሆነ፣ የዘር ሕዋሳቱ ባዶ ሆነው የሰርቶሊ ደረጃ ልዩነት ጎልቶ የሚታይበትን ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ እሱ ከተመከረው ይቀጥናል። በመጨረሻው ማሳያ ባዮቲን የሌለበትን የፖሊመር ዓይነት መምረጥ ለኤፒዲዲሚስ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ቡናማውን ቀለም የሚሰጠው ዲኤቢ በማይክሮስኮፕ እየታየ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፤ ሁሉም ስላይዶች እኩል ሰከንድ። ኒውክሊየሶችን በሰማያዊ የሚያቀልመው ሄማቶክሲሊን ስስ ይሁን፤ ከጠቆረ ፈዛዛ ቡናማ ኒውክሊየስን ይውጠዋል፣ በተለይ ቤታን። ማጠቢያው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ ካለ ቀለሙን የሚያወጣው ኢንዛይም ፐርኦክሲዴዝ ይሞታል፤ «አንቲቦዲው አልሠራም» ተብሎ ከሚመለሰው ብልቃጥ ጥቂት የማይባለው ጥፋቱ የዚህ ነው። በፍሎረሰንስ ለሚሠራ ደግሞ 0.1 በመቶ ሱዳን ብላክ ቢ፣ በ70 በመቶ አልኮል የተሟሟ፣ የሊፖፈስሲኑን ብርሃን ያደበዝዛል።

አሁን ጥሩ አንቲቦዲ ገብቷል፣ ጥሩ ስላይድ ወጥቷል እንበል። ምን ይነበባል? እዚህ ላይ ኬሚካሎቹ በአንድ መንገድ አይሠሩም። ቪንክሎዞሊን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ወደ ኤም1 እና ኤም2 ተለውጦ የአንድሮጅን ተቀባይን ይይዝና ያግዳል፤ የዲዲቲ ቅሪት የሆነው ፒፒ-ዲዲኢም እንዲሁ። እንደ ዲቡቲል ፍታሌት ያሉ የፕላስቲክ ማለስለሻዎች ግን ተቀባዩን አይዙም፤ በፅንሱ ቆለጥ ውስጥ የቴስቶስተሮንን ምርት ይቀንሳሉ። ቢስፌኖል ኤ ከኢስትሮጅን ተቀባዮች ጋር የሚጣበቀው ከኢስትራዲዮል በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ በደከመ ኃይል ነው። ሦስቱም መንገዶች መጨረሻ ላይ የሰርቶሊን ወይም የፕሮስቴትን ቀለም ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ ቀለሙ ብቻውን መንገዱን አይናገርም።

ምክንያቱም የአንድሮጅን ተቀባይ ሆርሞን ሲያጣ ዕድሜው ያጥራል። አይጠ መጎጥ ከተኮላሸ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የሆዳዊው ፕሮስቴት ኒውክሊየሶች ቀለም ይወርዳል፤ ቴስቶስተሮን ሲሰጠው ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ የደበዘዘ ኒውክሊየስ ማለት ጂኑ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሆርሞኑ ቀንሶ ፕሮቲኑ ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ከቀለሙ ጎን የደም ቴስቶስተሮን፣ የአርኤንኤ መጠንና የአካላቱ ክብደት መቅረብ አለባቸው። ለክብደቱ የኸርሽበርገር ፍተሻ መንገዱን ጠርጓል፤ የተኮላሹ ወጣት አይጠ መጎጦች ለ10 ተከታታይ ቀናት ኬሚካሉን ከቴስቶስተሮን ፕሮፒዮኔት ጋር ይወስዳሉ፤ ከዚያም ሆዳዊው ፕሮስቴት፣ የዘር ከረጢቶች፣ የብልት ሥር ጡንቻዎች፣ የካውፐር ዕጢዎችና የብልት ጫፍ ይመዘናሉ። ከአምስቱ በሁለቱ ላይ ጉልህ ለውጥ ከታየ ውጤቱ አዎንታዊ ነው፤ ማነጻጸሪያው ፍሉታማይድ በቀን 3 ሚሊግራም በኪሎግራም ነው። የትኛውም ብልቃጥ ይህንን ሚዛን አይተካም።

የፅንስ ጥናት ከሆነ ቀኑን ያጥብቁ። በአይጠ መጎጥ የወንዴነት መርሐ ግብር የሚወሰነው ከፅንስ ቀን 15.5 እስከ 18.5 ባለው መስኮት ነው። በቀን 20 የተሰበሰበ ሕብረ ሕዋስ ላይ ተቀባዩ ደህና ሆኖ ቢታይ ኬሚካሉ ጉዳት አላደረሰም አያሰኝም፤ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ነው የታየው። ከተወለዱ በኋላ ወዲያው በከፍተኛ መጠን ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን የተሰጣቸው አይጠ መጎጦች ግን በመራቢያ ቱቦዎቻቸው ውስጥ የአንድሮጅን ተቀባይ ፕሮቲናቸው ይቀንሳል፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ፒጂ-21ና 6ኤፍ11 በተከታታይ ቁራጮች ላይ ጎን ለጎን ቢገቡ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳያሉ።

ሲያዝዙ የክሎኑን ስም ይጥቀሱ፤ «የቤታ አንቲቦዲ» ብሎ ማዘዝ የፈለጉትን ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ የተረፈውን ያስልካል። ፒጂ-21ን ለሙሉ ጥናቱ የሚበቃ ከአንድ የምርት ዙር ይግዙ። ሲደርስ በ5 ወይም 10 ማይክሮሊትር ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰው በረዶ አያድርጉ። አዲስ ዙር ሲመጣ ከድሮው ጥቂት አስቀርተው ሁለቱን በሦስት መጠን በአንድ ቀን በአንድ ብሎክ ላይ ያስተያዩ፤ የጥናቱን ግማሽ በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ ማቅለም በኬሚካሉ ምክንያት የመጣ የሚመስል ልዩነት ይፈጥራል።

ከአይጥና ከአይጠ መጎጥ ውጭ ላሉ እንስሳት ነገሩ ይጠባል። የተቀባዮቹ መነሻ ክፍል በዝርያዎች መካከል ብዙ የሚለያይ ነው፤ ዲኤንኤ የሚይዘው መሐለኛ ክፍል ደግሞ እጅግ ተመሳሳይ ነው። በመሐሉ ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ለዓሣም ለአዞም ይሠራል ተብሎ ሲሸጥ የአንድሮጅንን፣ የፕሮጀስትሮንንና የግሉኮኮርቲኮይድን ተቀባይ አንድ ላይ ሊይዝ እንደሚችል አይነገርም። የዱር እንስሳ ቆለጥ ይዞ የመጣ ሰው የዝርያውን የጂን ቅደም ተከተል ካገኘ ገንዘቡን ለዚያው ዝርያ በተዘጋጀ የአርኤንኤ መፈለጊያ ላይ ያውል፤ ናሙናውንም በፎርማሊን እንጂ በቡዋን አያቆይ።